ከተራራው ጀርባ

ይድረስ እንደ ልጇ ላሳደገችኝ አክስቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዝናብ ሲመጣ የሚያስቸግርሽ ቀኝ እግርሽ አሁን እንቅልፍ ይሰጥሻል? የጣሪያውን ቆርቆሮ ሰው መታልሽ ወይስ አሁንም በባልዲ ነው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ የነፍሴን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ። የላክሽልኝ የደረቀ ዓሣ ደርሶኛል። የቢሮ ልጆች ሽታው ማኒላን አዳረሰ እያሉ ሲስቁብኝ ውለው፣ ምሳ ላይ በሩዝ የጨረሱት እነሱው ናቸው።

ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዶሮዎችሽ ጠይቄ ዘጋሁት። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ባለፈው እሑድ የነገርሽኝ አልወጣልኝም። በቅዱስ ሚካኤል ቀን ጀልባዎቹ ሲባረኩ ቄሱ ባሕር የወሰዳቸውን ሰዎች ስም ይጠራሉ፤ የባልሽ፣ የአጎቴ የቴምዮ ስም ግን እንዳይጠራ የመንደሩ ሹም ወስነዋል አልሽኝ። ወደ ባሕር አትውጡ የሚለው ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ሳለ ስለወጣ ነው፤ ስሙ ከተጠራ ወጣቱ ምን ይማራል ብለው። «ባንዲራው ለጌጥ የተሰቀለ መሰለው እንዴ፣ ያ ደረቅ!» ሲሉ አንቺ ገበያ መሐል ዓሣ እየመዘንሽ ዝም አልሽ። እኔም በስልክ ዝም አልኩሽ።

አክስቴ፣ አጎቴ ደረቅ አልነበረም። ሰው ሰምቶ ነው የሞተው። የሰማውም እኔን ነው።

ሥራዬን ለሰው ሲያስረዳ «ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሰማይ ትጠብቃለች» ይል እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሳተላይቱ ደመናውን ከላይ ያነሣዋል፤ ራዳሩ ከምድር ሆኖ ዝናቡን ይፈልጋል። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ሁለቱን ምስሎች ይደርብና ለጀልባ የሚያሰጋውን አውሎ ነፋስ በቀይ ያሳያል። የራዳሩ ጨረር ግን የእኛን ተራራ አያልፍም። ከጀርባው ያለው ባሕር፣ የእኛው ባሕር፣ ምስሉ ላይ እንደ ተቆረሰ ኬክ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ «አላየሁም» ማለት ነው። ለትልልቆቹ ሰዎች በማቀርብበት ቀን ያ ጥቁር ምስሌን አበላሸብኝ፤ ፕሮግራሙ ያላየውን ቦታ ሁሉ እንደ ጠራ ሰማይ ሰማያዊ እንዲቀባው አደረግኩ። አማረ። አጨበጨቡልኝ። ለጃፓኑ ሥልጠና የመረጡኝም በዚያ ምስል ነው። ነገ እመልሰዋለሁ እያልኩ ተውኩት።

በዚያ ሐሙስ ማለዳ አጎቴ መልእክት ላከልኝ። «ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ባንዲራው ቀይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መረብ አልነካሁም። የባሕር ወፎቹ ግን ወደ የብስ ገብተዋል፣ ደስ አላለኝም። ያንቺ ማሽን ምን ይላል?»

ወፎቹን አይቶ ነበር፣ አክስቴ።

ምስሉን ከፈትኩ። የመንደራችን ባሕር ሰማያዊ ነው። ሳተላይቱ ከተራራው ጀርባ የጥፍር ያህል ቀዝቃዛ፣ አውሎ ያዘለ ደመና አሳይቷል፤ ፕሮግራሙ ግን ራዳሩ አላረጋገጠውም ብሎ ጥሎታል። እኔም አይቼው አለፍኩ። በተራራው ጥላ ሥር ያደግኩ፣ ራዳሩ በዚያ በኩል ዕውር እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቅ እኔ። «ያንቺ ማሽን» ማለቱ አሞቀኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ «ባንዲራው ለፈሪ ነው፣ አጎቴ። እስከ ከሰዓት ሰማዩ ንጹሕ ነው። ወፎቹን ተዋቸውና ውጣ።»

«እሺ፣ ትልቅ ዓሣ ከያዝኩ ጭንቅላቱ ያንቺ ነው» አለኝ። ረፋድ ላይ ነፋሱ ከተራራው ጀርባ ተነሣ። ጀልባው ብቻ እንደተመለሰ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለአጎቴ ነፍስ ለተደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ስመጣ ጎረቤቱ «እንዲህ የተማረች ልጅ እያለችው እንኳ ምክር አልሰማም» ይል ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሩዝ አቀርብ ነበር።

ትናንት ለአለቃዬ ለሚስ ሎርና ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስሉን ብዙ ጊዜ አዩትና «ማሽኑ እኮ አላየሁም ብሎሽ ነበር፤ አፉን የዘጋሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ ሌላ ክፉ አልተናገሩኝም። የጃፓኑ ጉዳይ እንደገና ይታያል። ጥቁሩን ቦታ ወደ ጥቁርነቱ መልሼዋለሁ። «አፉን የዘጋሽው አንቺ ነሽ» ሲሉኝ አለቀስኩ፤ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጃፓንን አሁንም እመኛታለሁ፤ ይህንንም ሳልደብቅ ልንገርሽ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ለሹሙ ስጪልኝ። ከበዓሉ በፊት ጀልባዎቹ አጠገብ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይነበብ። የአጎቴን ስም ቄሱ ይጥሩት፤ የእኔን መንደሩ እንደፈለገ ይጥራው። መጥቼ ራሴ አንብቢ ካላችሁኝም እመጣለሁ።

ሌላም አለ። በዘጠነኛው ቀን መርከብ ልሳፈር ስል፣ እኔ ምንም ሳልጠይቅሽ፣ አንገቴን አቅፈሽ «ስልኩም አብሮት ሰምጧል፤ አንቺ ጃፓንሽን ሂጂ» አልሽኝ። እኔ ፈሪዋ እፎይ አልኩ። መርከቡ ከወደቡ ከራቀ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፦ አጎቴ ውኃ እንዳይነካው እያለ፣ ስልኩን ሁልጊዜ ቤት፣ የሩዝ ቆርቆሮው ላይ ትቶት ነበር የሚወጣው። መልእክቴን አንብበሽው ነበር።

ያጎደልኩብሽን አምላክ በሌላ ይካስሽ። ደጃፍሽ ሰው አይጣ፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ ባሕሩም ከእንግዲህ ይራራልሽ።

ዝም ያልሽላት ልጅሽ