ሰላምታቸውን ያልመለሰው

ኅዳር 3፣ ረፋድ

ዛሬም ፖ/ጣቢያ። ዛሬም ያው አግዳሚ ወንበር። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ዓይነ ስውር ጎረቤቴን ወ/ሮ ትርንጎን፣ ሰሌን ላይ ያሰጡትን ቡና በጠራራ ፀሐይ ዘርፎ፣ ገፍትሮም እጃቸውን የሰበረውን ሰው «በዓይንዎ አይተውታል ወይ?» እያለ ደግሞ ደጋግሞ ከሚጠይቅ መርማሪ ፊት ተቀምጬ፣ ዕድሜ ልኬን ለተማሪዎቼ የሰበክሁት ትዕግሥት ወዴት እንደ ገባ ስፈልግ አረፈድሁ።

እሳቸው ግን ክንዳቸው በጄሶ እንደ ታሰረ ይስቃሉ። ድምፁን አውቃለሁ ይላሉ፤ «እማማ፣ አይጩሁ፣ አልገድልዎትም» ብሏቸዋልና። እየዘረፈ አንቱ የሚል ጨዋ ሌባ ገጠመኝ አሉ። መርማሪው ሳጅን ታፈሰ አልሳቀም። ቃላቸውን «አላየሁም» ብሎ ጻፈ።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት በኋላ

ዝናብ። በጥርጣሬ የተያዘ ሰው አለ፤ እስከ ሸኮ ድረስ ቡና የሚሰበስብ የአንድ ነጋዴ ልጅ። ከሌሎች ጎልማሶች ጋር ቀላቅለው ግድግዳ አስታከው አቆሙት፤ ተበዳይዋ እንዲለዩት። ደንቡስ? ማንም ትንፍሽ እንዳይል! ለማያይ ምስክር ዝምተኛ ሰልፍ! ብቃወም፣ «ጋሼ፣ ደንብ ነው» ተባልሁ።

ወ/ሮ ትርንጎ ሰው ካለበት ገብቶ ዝም ማለት ነውር ነው አሉና፣ ደኅናውን እጃቸውን እየዘረጉ፣ «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ አለፉ። የእናት ሰላምታ ሳይመለስ የሚቀርበት አገር አይደለምና፣ ሳጅኑ «ዝም በሉ!» እያለ ሲጮኽ አንዱ «እግዜር ይመስገን»፣ ሌላው «አልሐምዱሊላህ እማማ፣ እጅዎን ይማርልዎ» አሉ። የነጋዴው ልጅ ብቻ እጃቸውን ጨብጦ ዝም።

እኔ፣ ድምፁ እንዳይታወቅበት ነው ብዬ ዘለልሁ። ሳጅኑ ግን ዝምታ ማስረጃ አይደለም፣ እንዲያውም ትእዛዜን ያከበረ እርሱ ብቻ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ልጁ በዋስ ወጣ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ሽማግሌዎች ላኩብኝ። ልጁ ንጹሕ ቢሆንም ጎረቤት እንዳይቀያየም ክሱ ይነሣ ነው ነገሩ። ለወ/ሮ ትርንጎ ጥብቅና የሚቆም አንድ ሰው እንኳ ቢኖር ብዬ ገባሁበት።

በቤታቸው ተሰበሰብን። ልጁ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ፤ ቃል ግን የለም። አባቱ፣ «ምላስህን ድመት በላው? ተናገር እንጂ!» ብሎ በክርኑ ጎሸመው።

«እማማ፣ ለዚያ ቀን ይቅር ይበሉኝ።»

ወ/ሮ ትርንጎ ቀና አሉ። «እሱ ነው። ዛሬም አንቱ አለኝ።»

ከዚያ ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከሽምግልና የተሰማ ከሽምግልና አይወጣም፣ ደጃፉን ስንሻገር ሁላችንም አልሰማንም አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወ/ሮ ትርንጎ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ እርስዎስ?» አሉ።

አልመለስሁላቸውም። እኔም ሰላምታቸውን እንዳልመለሰው ልጅ።

ኅዳር 10፣ ንጋት

እንቅልፍ የለም። ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት ደመኛ ያስታረቅሁ፣ ከሸንጎ የሰማሁትንም ለባለቤቴ እንኳ ትንፍሽ ብዬ የማላውቅ ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ ለሽምግልና የሚጠራኝ እንደማይኖር አውቃለሁ። ይሁን።

ወደ ፖ/ጣቢያ የሚወስደን ባጃጅ በር ላይ ነው፤ ወ/ሮ ትርንጎ ተቀምጠውበታል። ሳጅኑ እኔንም በዓይንዎ አይተዋል ወይ ቢለኝ፣ አላየሁም፣ ሰምቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ።