ቆማ ስለምትበላው ሴት ግጥምና ስለተቆለፈው ክፍል

ለተከበሩ ኦቦ ነገራ ባይሳ፣
የሁሉቃ ዳር የባህል አዳራሽ ኃላፊ፣
አምቦ

ክቡርነትዎ፣ አካም ጅርቱ? ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነቁልፍዎ እንደምን ሰነበቱልን? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከኅሊናዬ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው።

ስሜ ዋቅቶላ ገቢሳ ነው፤ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ባለፈው የካቲት መጨረሻ፣ በሴቶች ቀን፣ ከብራዚል ለመጣችው ጥቁር ገጣሚ ለሉዚያ ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። እንደሚያስታውሱት እናቷ በሰው ቤት ስታገለግል ኖራ የሞተች ሴት ናት። ልጂቱ ግጥሞቿን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እየለጠፈች ጀምራ፣ አራት መጻሕፍት አሳትማ፣ በከተማዋ የቤት ሠራተኞች ፊደል የሚቆጥሩበት ቤት ከፍታለች። ይህን ሁሉ ከሠራች በኋላ የእርስዎን አዳራሽ ለማየት ስለበቃች ደስ ሊላት ይገባል። ስለሆነም ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

1. እንግዳዋ ከመናገሯ በፊት አምስት የክብር እንግዶች ስለ ሴት ልጅ ክብር ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲናገሩ ስላደረጉልን። አምስቱም ወንዶች ስለነበሩ ሴቶቻችን በማዳመጥ ብቻ፣ ያለ ምንም ድካም በዓላቸውን አክብረዋል።

2. ለገጣሚዋ ሰባት ደቂቃ ብቻ ሲተርፋት፣ ግጥሙን ለስለስ አድርጌ እንድተረጉመው በጆሮዬ ስለመከሩኝ። ግጥሙ የሰው ቤት አብስላ፣ ባለቤቶቹ ተቀምጠው ከበሉ በኋላ ጓዳ ውስጥ ቆማ ስለምትበላ ሴት ነበር። እኔ ስለ እናቶች ትዕግሥትና ባለሙያነት አደረግሁት። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሉዚያ ግጥሟ የገባን መስሏት እንባዋን ጠረገች፤ እጄንም በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ። እርስዎ መከሩኝ እንጂ አላስገደዱኝም፤ አፉ የኔ ነበር። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

3. ከመሄዷ በፊት የአዳራሹ የኋላ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ለቤት ሠራተኞች ትምህርት እንዲከፈት የጻፈችውን ማመልከቻ «ለሚመለከተው ይመራ» ብለው በፍጥነት ስለመሩት። የሚመለከተው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ክፍሉን ግን አያስቡ፤ የተሰበሩ ወንበሮችና የሴቶች ቀን ባነር በሰላም ያርፉበታል።

የተመዘገቡት ሴቶች አሥራ ዘጠኝ ናቸው። የመጀመሪያዋ ከእንጭኒ መጥታ በእኔ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው ድንቅቱ ናት። ስሟን መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ ነው የፈረመችው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ፣ ክፍሉ ተከፍቶ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። እኔም በየሳምንቱ የእርስዎን ስም እየጠራሁ አመካኛለሁ።

ቁልፉን ስምንት ወር ሙሉ በኪስዎ ስላሞቁልን እያመሰገንኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለክፍሉ አጭር እስራት እመኛለሁ።

ለስላሳው አስተርጓሚዎ፣
ዋቅቶላ ገቢሳ
ኅዳር 2012 ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ ከመለጠፌ በፊት ለድንቅቱ ምንም ሳላለሰልስ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ እኔ መምህር የሆንኩ ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር፣ እርሷን ፊደል ለማስቆጠር የኦቦ ነገራ ቁልፍ ለምን እንዳስፈለገኝ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ወደ ክቡርነትዎ ልመራው ፈልጌ ነበር፤ ግን የሚመለከተው እኔን ነው።