ወሬ በሰዓቱ እንዲደርስ የለፉት የኢንጂነር ዘማርያም በላቸው የሕይወት ጉዞ

ኢንጂነር ዘማርያም ከአባታቸው ከአቶ በላቸው እንግዳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሰርካዲስ ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1955 ወሎ፣ ወልድያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስላረፉ እሳቸውንም፣ እህታቸውን ወ/ሮ ሐይማኖትንም፣ ይህን ጽሑፍ የጻፈውን የመጨረሻ ወንድማቸውን ክብረትንም ለብቻቸው ያሳደጉት ወ/ሮ ሰርካዲስ ናቸው። ይህ በደንብ ይሰማ።

ትምህርታቸውን ወልድያ ጨርሰው በአየር ኃይል የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ቴክኒሽያን ሆነው ደብረ ዘይት አገልግለዋል። በሱዳን በኩል ተሰደው በ1983 አሜሪካ፣ ዳላስ ገቡ። ሌክ ሃይላንድስ አፓርትመንት ተከራይተው፣ ፓርኪንግ እየሠሩ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በ1990 በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመረቁ። በ1992 ከወ/ሮ የሺሐረግ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ኤዶምንና ሐሴትን ወለዱ። ቤታቸው ሳክሲ፣ ሥራቸው ራቅ ያለው ፎርት ዎርዝ ስለነበር ዕድሜያቸው መኪና ውስጥ አለቀ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥራቸው ምን እንደነበር ለቅሶ ቤት ሲጠየቅ «ነዳጅ ነገር» ሲባል ስለተሰማ እዚህ ይስተካከል። የጦር አውሮፕላን እየበረረ ከሌላ ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን በቧንቧ ነዳጅ ይቀዳለታል። ለማን ስንት እንደተቀዳ ግን ቧንቧውን የሚመራው ሰው በእርሳስ ነበር የሚጽፈው። አውሮፕላኖቹ መሬት ካረፉ በኋላ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይገለብጠዋል፤ ምድር ያሉት የሚያውቁት ከሰነበተና ከተሳሳተ በኋላ ነው። ዘማርያም የመሩት ቡድን የሠራው መሣሪያ ልኩን ከፓምፑ ቆጣሪ ራሱ አንብቦ፣ የሰው እጅ ሳይገባበት፣ ወዲያው ወደ ምድር ይልካል። ለዚህ ነገር ጤናቸውን ሰጥተዋል።

በኤፕሪል 2007፣ መሣሪያው አየር ላይ ሊሞከር ሁለት ወር ሲቀረው፣ ወ/ሮ ሰርካዲስ ወልድያ ላይ አረፉ። ለልጃቸው አልተነገራቸውም። የአክስታቸው ልጅ አቶ ጋሹ እዚህ ያለውን ዘመድ ሰብስበው፣ ትልቅ ሥራ ላይ ነው፣ ልቡ ይሰበራል፣ ሙከራው ይለፍና እንደ ወጉ እናረዳዋለን ብለው ወሰኑ። ወ/ሮ የሺሐረግ ትንፍሽ እንዳይሉ ተለመኑ፣ ኋላም ቁጣ ደረሰባቸው። እዚሁ ያለው ክብረት አፉ አያርፍም ተብሎ እሱም ሳይነገረው ቀረ። ወልድያ ያሉት ወ/ሮ ሐይማኖት ድምፃቸው እንዳያሳብቅ ስልክ እንዳያነሱ ተከለከሉ። ዘማርያም እሑድ እሑድ ሲደውሉ፣ እናትዎ ጸበል ገብተዋል፣ እዚያ ስልክ የለም ይባላሉ። አምነው፣ የሚሄድ ሰው ፈልገው፣ ለእናታቸው የደም ግፊት መለኪያ ላኩ። ዕቃውን ተቀብሎ «ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልን» ያለ ሰው አለ። ስሙ እዚህ አይጻፍም፤ ራሱን ያውቃል።

ለእሳቸው ታስቦ ነው ተባለ። ለእሳቸው ማሰብማ ትኬት መቁረጥ ነበር! ለቀብሩ ባይደርሱ ለአርባው ይደርሱ ነበር።

በጁን ሙከራው ተሳካ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ሳክሲ በራቸው ላይ ቆመ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እሳቸው ግን ደስታው አዘናግቷቸው፣ እንኳን ደስ አለህ ሊሏቸው የመጡ መስሏቸው በፒጃማ እየሳቁ ከፈቱ። መርዶውን ሲሰሙ አላለቀሱም። አቶ ጋሹን አይተው «ሰማይ ላይ የተቀዳ ነዳጅ ስንት እንደሆነ በደቂቃው እንዲሰማ አደረግኩ። የእናቴን ሞት ሁለት ወር አስቀመጣችሁብኝ። የማለቅስበትን ቀን እንድትመርጡልኝ ማን ሾማችሁ?» አሉ።

በ2008 መጨረሻ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ያው ሰዎች፣ ምንም ሳያፍሩ፣ ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ይዘው እንዳትነግረው ብለው ለመኑ። እምቢ ብላ ገብታ ነገረቻቸው። ዘማርያም አመሰገኗት፤ ቀጥሎም ልጆቻቸውን አስጠርተው በራሳቸው አፍ ነገሯቸው። ለክብረት አንድ አደራ ሰጡ፤ ነፍሴ እንደወጣች ለሐይማኖት አንተው ደውለህ ንገራት የሚል።

ኢንጂነር ዘማርያም ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 በተወለዱ በ54 ዓመታቸው አረፉ። ገና አስከሬናቸው ከክፍሉ ሳይወጣ አቶ ጋሹ፣ ሐይማኖት ግፊት አለባት፣ ቀስ ተብሎ ይነገራት፣ አርባው ይለፍ አሉ። ክብረት ወደ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ወርዶ ደወለ። ወ/ሮ ሐይማኖት ጮኹ፤ ጎረቤት ደረሰላቸው። ወንድምየውም ስልኩን ሳይዘጋ አብሯቸው አለቀሰ። ግፊት ያለበት ሰው እንዲህ አልቅሶም ይኖራል።

ኢንጂነር ዘማርያም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከእናታቸው ጋር በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ።

ይህ በሚነበብበት ሰዓት ወ/ሮ ሐይማኖት ወልድያ ላይ ነቅተው፣ አትሮንሱ ላይ በተቀመጠው ስልክ ቀብሩን እየተከታተሉ ነው። ስለዚህ ለቀስተኞች፣ ድምፃችሁን አትቀንሱ። እህቱ ትስማ።