ጠፋ የተባለው ዓለት

ውድ አስናቀ፣

እንደማታነበው አውቃለሁ። ሾፌሩ ይሻው፣ ከእብናት ስትመለሱ ጥይት እንዳገኘህና መንገዱ ዳር፣ ያለ ፍትሐት፣ በእጁ እንደቀበረህ ነግሮኛል። ቢሆንም ይህን ነገር ከአንተ በቀር የሚረዳኝ ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ የለም።

አስትሮይዳችን ጠፋ። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር፣ ተመራማሪዎች ከውጭ የላኩልንን የሰማይ ፎቶዎች ስናፈራርቅ፣ ከከዋክብቱ መሐል አንዲት ነጥብ ፈቀቅ ስትል አየን። «ሰማዩንም ቅማል ወረረው» ብለህ አሳቅኸኝ። በማርስና በጁፒተር መካከል የሚዞር፣ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዓለት ነው አሉን። ፀሐይን አንዴ ለመዞር አምስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ለጊዜው ቁጥር ሰጡት፤ ስም የሚወጣለት መንገዱ በደንብ ሲታወቅ ነው። አንተ በእናትህ ስም «ውዴ» ልትለው አስበህ ነበር። ከዚያ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ አንተም ለፈተና ሥራ እብናት ወረድክ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የገባልኝ መልእክት፣ ዳግመኛ ያየው ስለሌለ ጠፍቷል ይላል።

መልእክቱን ባነበብኩ ማግስት መርዶህን ላረዳ እናትህ ዘንድ ሄድኩ። ይሻው «እጮኛው ነሽና ባንቺ ይሁን፤ ሽማግሌ ይዘሽ በማለዳ ሂጂ» ብሎኝ ነበር። ሰው ሲበዛ ይደነግጣሉ ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ሞኝ ነኝ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ክው አሉ።

«በዚህ ማለዳ ምን እግር ጣለሽ፣ ልጄ?»

«ጠፋ» አልኩ። «ሞተ» ልል ነበር የመጣሁት።

ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ሲሉ አንጀቴ አልቻለም። «ዓለቱን ነው እትዬ ውዴ፤ ያገኘነውን ዓለት» አልኳቸው።

«ሞተ ነው የምትይኝ?»

«የለም፣ መዞሩን ይዞራል። የት እንደደረሰ ያጣነው እኛ ነን።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «የኔውም ልጅ እንዲሁ ነዋ» አሉ። «ጠፋ እንጂ ሞተ ያለኝ የለ።»

አላረምኳቸውም። እስካሁንም እውነቱን አልነገርኳቸውም፤ ፍትሐትህ አልተፈታ፣ ተዝካርህ አልወጣ። ቄሱ ሲጠይቋቸው «ልጄ ዙረት ላይ ነው» ይሏቸዋል።

ትናንት ከቅዳሴ መልስ እናትህ ጠሩኝና ዓለቱ በስንት ዓመቱ እንደሚመለስ ጠየቁኝ።

«በአምስት» አልኩ።

«እሱ ያድርሰኝ እንጂ» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።

ጉልበታቸውን ታውቀዋለህ፣ አይደርሱም። እኔም እሳቸው በሕይወት እስካሉ ጥቁር አልለብስልህም።

እጮኛህ
ውብአለም