ገጹ «ደህና ናት» ያለ ዕለት

የኔ ዓይን፣
አጎትሽ መጥቶ ወሰደኝ። ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው። ምሳሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ ሳታሞቂ እንዳትበዪ።

በሩ ላይ የገጠምሽውን፣ መንቀሳቀሴን ለስልክሽ የሚነግረውን መሣሪያ አልነካሁትም።

ባለፈው ወለል ላይ ወድቄ ስውል የስልክሽ ገጽ «አያቴ ደህና ናት» ማለቱ ያንቺ ጥፋት አይደለም። መሣሪያው ጠዋት ድርቅ ብሎ ቀርቶ፣ ገጹ የመጨረሻውን ቃል ይዞ እንደዋለ እያለቀስሽ አስረድተሽኛል። የምሄደው ተቀይሜ አይደለም፤ እህል ትተሽ ስትከሺ ማየት ሆዴ አልችል ቢል ነው።

ብቻ ስታስተካክዪው፣ «ደህና ናት» ከሚለው ጎን ሰዓቱንም ጻፊበት።

ድሮ ከሥራ ቦታሽ በየቀኑ ትደውዪልኝ ነበር። መሣሪያው ከገባ ወዲህ ቀረ።

ይሄን የጻፍኩት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ነበርኩ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን ደውለሽ ጠይቂኝ።

አያትሽ