የሩጫው መጽሐፍና ሰባተኛው ምዕራፍ

ሰኞ፣ ግንቦት 4
4ኛ ክ/ጊዜ። 9ኛ «ለ» ኳስ ይዘው ወጥተዋል፤ እኔ ባሕር ዛፍ ሥር መጽሐፍ ይዤ ተቀምጫለሁ። ፊሽካው አፌ ውስጥ ነው፣ የሚነፋው የለም። እሁድ በከተማው የንባብ ክበብ መድረክ መጽሐፍ የምገመግመው እኔ ነኝ፤ የስፖርት መ/ር ስለሆንኩ። አንድ የአዲስ አበባ አሠልጣኝ ስለ ሩጫ የጻፈው ነው፣ ቡሬ መናኸሪያ ሳይቀር ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው። እዚህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያላነበበው ወጣት የለም። ጥንካሬውንና ድክመቱን በሃያ ደቂቃ አቅርብ ተባልኩ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ደብተሬ። ልበቀለው ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
ጥንካሬውን ልጻፍ፣ ፍርድ እንዳላጓድል። ሰውዬው መጻፍ ይችላል። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ አይንዛዛም። የእንጦጦን ብርድ ሲተርክ ጣቴን ቆረጠመኝ። የተሸነፈባቸውን ውድድሮች አይደብቅም፤ በራሱ ይስቃል። አንብቦት ጫማውን ሳያስር የሚቀር ልጅ ያለ አይመስለኝም። እኔ እንኳ በዚህ ቦርጬ ሁለት ቀን ሮጬ ነበር!
ጽፌ ሳበቃ ተናደድኩ። መጥፎ መጽሐፍ ቢሆን ምናለ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
ወደ ድክመቱ። ስለ ስድስት ሯጮች ይተርካል፣ ስድስቱም ያሸንፋሉ። መንገድ ላይ የቀሩትስ? ሴት የለችበትም፤ ውሃ ከምታቀብለው ሚስቱ በቀር። ደግሞ ያ ምዕ. 4። ያመመህ ቀን ጨምር፣ ይላል። ይታይሽን የሰበራት ይህ ነው።
ስሟን ጻፍኩት እንግዲህ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፣ የቡሬ ገጠር ልጅ፣ እዚህ ቤት ተከራይታ የምትማር። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ በመጽሐፉ ፕሮግራም ሮጠች። ቅልጥሟን ሲያማት አልተናገረችም፤ ጨመረች። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ክለብ ሊወስዳት በነበረው ማጣሪያ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ አጥንቷ ቀጭ አለ። ዳር ቆሜ ሰማሁት። ባሕር ዳር ወስደናት ብረት አስገቡላት። ሐኪሙ መራመድስ ትራመዳለች አለ። ስለ ሩጫ ስጠይቀው ወረቀቱን ማጣጠፍ ጀመረ።
ከዚያ ወዲህ ቡሬ ወላጆቿ ቤት ናት፤ ሄጄ አላየኋትም። በምን ዓይኔ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
የገጽ ቁጥር ላረጋግጥ ብዬ ምዕ. 7ን ገለጥኩ። ስለ ምግብ ነው። አንብቤው አላውቅም ነበር።
የካቲት ላይ ይታይሽን ጨምሮ ለስምንቱ ሯጮቼ መጽሐፉን ኮፒ ሳስደርግ፣ የዚህ ምዕራፍ መክፈቻ ላይ የእንቁላልና የወተት ሥዕል አየሁ። ሁዳዴ ገብቷል። ለጾመኛ ልጅ ይህን መስጠት ነውር መሰለኝ። እስከ ስድስት ይበቃል አልኩት ኮፒ አድራጊውን። መጽሐፉንም ያን ጊዜ ዘጋሁት።
ምን ይላል መሰለሽ። ቀደም ብዬ ጨምር ያልኩት በልቶ ለሚያድር ነው፣ ይላል። የሚጾም ሰው ልምምዱን በግማሽ ይቀንስ። የቅልጥም ሕመም ሦስት ቀን ካለፈው አጥንት ነውና አቁም።
አቁም ይላል።

ዓርብ፣ ግንቦት 8
ክፍል ገባሁ፣ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ማስጠንቀቂያው ከትእዛዙ ሰባ ገጽ ርቆ መቀመጡ የመጽሐፉ ጉድለት ነው። እውነት ነው፣ እጽፈዋለሁ። ሰባውን ገጽ ማንበብ ግን የማን ሥራ ነበር? ለአማርኛው መ/ር ነገርኩት፤ ጓደኛዬም የክበቡ ሰብሳቢም ነው። ማን ያውቅብሃል፣ ምዕ. 4ን ወቅጠህ ውረድ አለኝ። ተመኘሁት። አልዋሽሽም፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ተመኘሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ቡሬ። ደግነቱ መንገዱ ክፍት ነበር። ከመኪና ወርጄ አንድ ሰዓት በእግር። ይታይሽ ደጅ ላይ እግሯን ዘርግታ ምስር ትለቅማለች። ገና ሳልቀመጥ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እርሷ እኔን! አሳፈርኩዎት ቲቸር፣ መጽሐፉ እንዳለው መቻል አቃተኝ፣ ስንፍናዬ ነው አለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን ስታብሰለስል ከርማለች።
ምዕ. 7ን አነበብኩላት። ያስቀረሁት እኔ ነኝ አልኳት። መልቀሟን ቀጠለች፤ ጠጠሩንም ምስሩንም ወደ አንድ ጎን።
አባቷ አያ ዘለቀ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።
«አይ መምህር» አሉ፣ «ዶሮውም ነበረን፣ ላሚቱም ትታለብ ነበር። የንስሐ አባታችንም ቢሆኑ ሰው ናቸው፣ ለታመመች ልጅ ይፈቅዱ ነበር። እርስዎ አንድ ቃል ቢነግሩን ምን ነበረበት?»
እርጎ አቀረቡልኝ። ጠጣሁት።

እሁድ፣ ግንቦት 10፣ ጠዋት 2 ሰዓት
የጻፍኩትን ግምገማ ቀደድኩት። አዲሱ አንድ ገጽ ተኩል ነው። መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ ማስጠንቀቂያውን ቢያስቀድም የተሻለ ነበር። የቀረው ስለ እኔ ነው። ምናልባት ሥራዬን ያሳጣኝ ይሆናል። ያሳጣኝ። ከእንግዲህ ሯጭ አላሠለጥንም፤ ይህንንም እዚያው እናገራለሁ።
አንድ ነገር ትናንት ልጽፈው አልቻልኩም። ልሄድ ስነሳ ይታይሽ ጠራችኝ። ታዲያ ሰነፍ አልነበርኩም ማለት ነው? አለችኝ። አልነበርሽም አልኳት። ሰው ፊት እንዲህ ይሉልኛል? አለች።
እላለሁ። ልሄድ ነው።