የገበያው መሐላዬ

ሰኔ 27

ዝናብ። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል። ምራቴ ባልዲ እየደቀነች፣ «አገር ነጻ ያወጣሉ ሲባል ነበር፤ እስቲ መጀመሪያ ከዚህ ዝናብ ነጻ ያውጡን፣ አባባ» አለችኝ። ሳቅኩ።

ከሰዓት ፓንዶል ዱባ ይዞልኝ መጣ። ግንበኛ ነው፤ ያኔ አብረን ታስረን ነበር። «መንደሩ ሁሉ እርስዎን ነው የሚያየው፣ መምህር። እርስዎ ገዢዎቹ ያዘዙትን የጃፓን ስም እስካልወሰዱ ድረስ እኛም ወይ ፍንክች!» አለ። ደስ አለኝ... ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሐምሌ 3

ሶንሬ ገና በጠዋቱ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። የሟች ልጄ ልጅ፤ አሥር ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ «ባንግ የሚባል ተማሪ አላውቅም» ብሏታል፤ ባንግ የዘር ስማችን ነው። ቤተሰቡ እስከ ነሐሴ 4 አዲስ፣ የጃፓን የዘር ስም ካላስመዘገበ እንዳትመለስ።

ምራቴ ለወጥ ራዲሽ እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ባሌ እስር ቤት የሞተው ከአምስት ዓመት በፊት ዳግም ሲያሳድዱዎት የእርስዎን መደበቂያ አልናገርም ብሎ ነው። ልጄን ደግሞ ለስምዎ አልገብርም» አለች።



ሐምሌ 4

ያ የገበያ ቀን... ሃያ አንድ ዓመቱ። የጨው ጆንያ ላይ ወጥቼ፣ «እኔ ባንግ ዶክሁን ለጃፓን ከሰገድኩ የዘር ስሜን ልቀይር!» ብዬ ማልኩ። እርግጥ በአገራችን ቁማርተኛው ሁሉ በየቀኑ የሚምላት መሐላ ናት። እኔ ግን ከልቤ ነበር። ሕዝቡ «ማንሴ! ማንሴ!»፣ አገራችን ለዘላለም ትኑር፣ እያለ ተከተለኝ። ፖሊስ ተኮሰ፤ አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ሰባት ዓመት ታሰርኩ። ስሜ ግን አልተነካም።

ሐምሌ 29

አስመዘገብኩ። ሃራዳ።

የመዝገብ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ የድሮ ተማሪዬ ነው። «ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት፣ መምህር» አለኝ፤ ፊቴን ሳያይ። አላነበብኩም። በጓሮ መንገድ ዞሬ እንደ ሌባ ቤቴ ገባሁ።

ሶንሬ በደስታ ዘለለች። አልተቆጣኋትም።

ነሐሴ 1

ለፓንዶል አልነገርኩትም። ዛሬ በር ላይ አገኘኝ። «ልጄን ጆምሱንን ከትምህርት ቤት አባረሯት። ግድ የለም፣ መምህር፤ አብረን እንወድቃለን» አለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ገና ሦስት ቀን ነበረው። እኔ ግን «በርታ» አልኩት።

በርታ! አፌን በቆረጠው።

ነሐሴ 5

ቀኑ ትናንት አለቀ። ስማቸውን የቀየሩ ሰዎች ዝርዝር ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተለጥፎ ፓንዶል አየው።

መጣ። ቢሰድበኝ ምናለ... «ሃራዳ ሳን»፣ አቶ ሃራዳ እንደ ማለት፣ ብሎ እጅ ነሣኝ። ከዚያ፣ «እኔ ድሮም አልቀይርም ነበር። ቢነግሩኝ ግን ራሴ መርጬው ይሆን ነበር» አለ። ሄደ።

ነሐሴ 6

አፈርኩ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ነሐሴ 19

ፓንዶል ቤት ሄድኩ። ይግቡ አላለኝም። «ጆምሱንን ላስተምራት» አልኩት። እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፋቀ።

«ልጅቷ መማር አለባት» አለ በመጨረሻ። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ጳጉሜን 2

ተማሪዎቼ አምስት ሆኑ። ሁሉም ስማቸውን ያልቀየሩ ቤቶች ልጆች ናቸው። በር ዘግተን በተከለከለው በራሳችን ፊደል እንጽፋለን። ሶንሬ ከትምህርት ቤቷ መልስ ደጅ ትጠብቃለች፤ ሰው ከመጣ ትዘፍናለች።

ዛሬ ጆምሱን የሁሉንም ስም ዘርዝራ ጻፈች፤ እንደ ደንባችን የዘር ስም አስቀድማ፣ የራስን ስም አስከትላ። መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ደረሰች። እርሳሷ ቆመ።

«ከዶክሁን በፊት ምን ልጻፍ?»

ልጆቹ ሁሉ ቀና አሉ። አንዱም አልሳቀም። «ባንግ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ባዶ ተይው» አልኳት።

አንድ ጣት ያህል ቦታ ትታ «ዶክሁን» ብላ ጻፈች።